በነጭ ጨርቅ ላይ የሚጠፋ ማርከር አጠቃቀም፦ ለሐበሻ ቀሚስ ጥልፍና ለስፌት ሥራ

በሐበሻ ቀሚስ ደረት ላይ የሚወርድ የመስቀል ጥልፍ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመርፌው ሳይሆን ከመርፌው በፊት በተሰመረው መስመር ነው። አብዛኞቻችን ጥልፍ የተማርነው ንድፉን በካርቦን ወረቀት ገልብጠን ወይም በእርሳስ አስምረን ስለሆነ፣ ከጥልፉ ጠርዝ ወጣ ብሎ የሚቀረውን ሰማያዊ ወይም ግራጫ ጭረት የሥራው አካል እስኪመስለን ድረስ ለምደነዋል። ለጨርቅ ተብለው የተሠሩት የሚጠፉ ማርከሮች ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላሉ። ይሁን እንጂ እያንዳንዳቸው የሚጠፉበት መንገድ የተለያየ በመሆኑ፣ ጠባያቸውን ሳያውቅ የተጠቀመባቸው ሰው ከካርቦኑ የባሰ እድፍ ሊያተርፍ ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ነገር ቀለሙ «ከዓይን ጠፋ» ማለትና «ከጨርቁ ወጣ» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው፤ ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር ሁሉ የሚነሣው ከዚሁ ልዩነት ነው።

ማርከሮቹን ለይቶ ማወቅ

ማርከሮቹን የሚለያያቸው መልካቸው ሳይሆን የሚያጠፋቸው ነገር ነው። አንደኛው በውሃ የሚወጣው ሲሆን መልኩ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ሲያገኘው ይሟሟል፤ ውሃው በቂ ከሆነም አብሮት ከጨርቁ ይወጣል። የዚህ ማርከር ጠላቶች ሙቀትና ሳሙና ናቸው። ካውያ ከነካው ወይም ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ ከቆየ ወደ ቡናማነት ተለውጦ ከክሩ ጋር ይጣበቃል፤ በውሃ ከመለቅለቁ በፊት የዱቄት ሳሙና ካገኘውም እንዲሁ እድፍ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው በአየር የሚጠፋው ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ወይን ጠጅ መልክ አለው። ከተሰመረ በኋላ አየርና እርጥበት እየነካው ከጥቂት ሰዓታት እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይደበዝዛል። እርጥበት በበዛ ቁጥር የሚጠፋውም ፈጥኖ ስለሆነ፣ በሐምሌ ዝናብ ጠዋት ያሰመሩት ንድፍ ከምሳ መልስ ላያገኙት ይችላሉ። የደበዘዘው ቀለም ግን አሁንም ጨርቁ ውስጥ አለ፤ ሳይለቀለቅ ሳሙና ቢነካው ተመልሶ ብቅ ሊል ይችላል።

ሦስተኛው በሙቀት የሚጠፋው ሲሆን፣ ስለ እርሱ ትንሽ ዘርዘር አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድደውም የሚሳሳትበትም ይኸው ነው። ከዚህ ዓይነቱ በይበልጥ የታወቀው የጃፓኑ ፓይለት ኩባንያ «ፍሪክሽን» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2006 በአውሮፓ ገበያ ላይ ያዋለው እስክሪብቶ ነው፤ የተሠራውም ለወረቀት እንጂ ለጨርቅ አይደለም። የቀለሙ ጥቃቅን እንክብሎች በውስጣቸው ሦስት ነገሮችን ይይዛሉ፤ እነርሱም ቀለም ሰጪው፣ ቀለሙ እንዲታይ የሚያደርገው እና ይህ የሚሆንበትን የሙቀት ልክ የሚወስነው ናቸው። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይለያያሉ፣ መስመሩም ከዓይን ይሰወራል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አልፎ ወደ 20 ሲጠጋ ደግሞ እንደገና ይገናኛሉ፣ መስመሩም ይመለሳል። ከዚህ እንደሚታየው ካውያው ቀለሙን ደበቀው እንጂ ቅንጣት ታህል እንኳ ከጨርቁ አላወጣውም።

ይህን የተማርሁት በራሴ ስንፍና ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገና የሚለበስ የአንዲት ዘመዴን ቀሚስ ደረት ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ አጣርቼ ባላየሁት የሙቀት ማርከር አስምሬ ጠለፍሁ፣ በካውያ አጥፍቼ፣ አጣጥፌ በሰው እጅ ወደ ሚኒሶታ ላክሁት። እርሷም ቀሚሱን ከተቀበለች በኋላ ሌሊቱን መኪናዋ ውስጥ አሳደረችው፤ በዚያ አገር ደግሞ በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መድረስ እንግዳ ነገር አይደለም። ጠዋት በላከችልኝ ፎቶ ላይ የመሃል መስመሩ፣ የመስቀሉ ክንዶች ልኬትና ከአንገቱ ግርጌ ለራሴ ማስታወሻ ብዬ የጻፍሁት «3 ሳ.ሜ. ዝቅ» የሚለው ጽሑፍ ሳይቀር በግልጽ ይነበብ ነበር። በካውያ ዳግመኛ አጥፍታ ለበሰችው፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የሙቀት ማርከርን የምጠቀምበት ተሰፍቶ ወደ ውስጥ በሚገባው የጨርቅ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይህን ይመስላል። ቀናትና ሳምንታት ለሚወስድ የእጅ ጥልፍ በውሃ የሚወጣውን፣ በአንድ መቀመጫ ለሚያልቅ ሥራ፣ ለምሳሌ ለቁልፍ ቦታና ለዘርፍ እጥፋት፣ በአየር የሚጠፋውን፣ ለውስጥ ጠርዝ ደግሞ በሙቀት የሚጠፋውን እጠቀማለሁ።

በቁራጭ ጨርቅ መሞከር

ቀሚሱ ከሚሠራበት ከዚያው ጨርቅ ከጫፉ ተቆርጦ የቀረ ቁራጭ ያዘጋጁ። ሌላ ነጭ ጨርቅ ምንም ቢመሳሰል አይተካውም፤ በእጅ የተፈተለ ሸማ፣ መነን፣ አቡጀዲና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ብትን ጨርቅ ቀለም የሚይዙበት መንገድ የተለያየ ነውና። በተለይ በእጅ የተፈተለው ጥጥ ክሩ ለስላሳና ልል ስለሆነ ቀለሙን ስቦ ወደ ጎን ያስፋፋዋል፤ በአቡጀዲ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነው መስመር በሸማ ላይ ወፍሮ ሊያገኙት ይችላሉ።

ቁራጩን በአራት ከፍለው በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቀጭንና አንድ ወፍራም መስመር ያስምሩ። የመጀመሪያውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው ያድርቁት። ሁለተኛውን ሆን ብለው በካውያ ይተኩሱት፤ ይህን የሚያደርጉት በስሕተት ቢሆን ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ለማየት ነው። ሦስተኛውን ማርከሩ እንደሚጠይቀው ካጠፉት በኋላ በቤት ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩት፤ የቤት ፍሪዘር አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ የሙቀት ማርከርን ምስጢር ለማውጣት በቂ ነው። አራተኛውን እንደተሰመረ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው ከሳምንት በኋላ ይጠቡት። ጥልፉ ወር የሚወስድ ከሆነ ለዚህ ለአራተኛው ቁራጭ ከሌሎቹ የበለጠ ክብደት ይስጡት፤ ትኩስ መስመር በቀላሉ ስለወጣ የቆየውም እንደዚያው ይወጣል ማለት አይደለምና።

ከማርከሩ ሙከራ ጎን ለጎን የጥለቱንና የጥልፍ ክሩን ቀለምም መፈተሽ ያስፈልጋል። ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል፤ ሆኖም በውሃ የሚወጣ ማርከር የሚጠይቀው ቀሚሱን ሙሉ በሙሉ መዘፍዘፍ ነው፣ ጥለቱ ቀለም የሚለቅ ከሆነ ደግሞ ሰማያዊውን መስመር ለማስወጣት ሲሉ መላውን ቀሚስ ሮዝ ሊያደርጉት ይችላሉ። ነጭ ጨርቅ በውሃ አርሰው ጥለቱ ላይ፣ በተለይ ቀዩና ጥቁሩ ላይ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ጫን ብለው ይያዙት። ነጩ ጨርቅ ላይ ትንሽም ቀለም ከታየ በዚያ ቀሚስ ላይ በውሃ የሚወጣ ማርከር አይጠቀሙ። በዚህ ጊዜ የሚሻለው የድሮው ዘዴ ነው፤ ንድፉን በቀጭን ክር ረጃጅም አድርጎ በስሱ ሰፍቶ ማመልከት፣ ጥልፉ ሲያልቅም ክሩን መዝዞ ማውጣት። አዝጋሚ ነው፣ ነገር ግን እድፍ አይተውም። ወርቀ ዘቦ ያለበት ሥራም የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ የሚያብረቀርቀው ክር የጋለ ካውያ ስለማይወድ የሙቀት ማርከርን እዚያ ላይ ማሰብም አያስፈልግም።

ጨርቁን ማዘጋጀት

ጨርቁን ከማስመርዎ በፊት አጥበው፣ አድርቀው፣ ተኩሰው ይጨርሱ። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ያልታጠበ የጥጥ ጨርቅ ውሃ ሲያገኝ ይሰበሰባል፤ ከጥልፉ በኋላ ከተሰበሰበ የደረቱ ዙሪያ ይጨማደዳል። ሁለተኛ፣ መስመሩ ከተሰመረበት ሰዓት አንሥቶ እስኪታጠብ ድረስ ካውያ ወደዚያ ጨርቅ አይደርስም፤ ስለዚህ መተኮስ ያለበት ሁሉ አሁን መተኮስ አለበት። ስታርችና የልብስ ማለስለሻ በዚህ እጥበት አይጨምሩ፤ በማርከሩና በክሩ መካከል ገብተው ቀለሙ በኋላ እንዴት እንደሚወጣ አስቀድሞ ለመገመት ያስቸግራሉ።

ንድፉን ወደ ጨርቁ ማስተላለፍ

ነጭና ስስ ጨርቅ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋልና። ንድፉን በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ወፍራም መስመር ይሥሩ። የቀሚሱን ፊት ለሁለት እኩል አጥፈው እጥፋቱን በጥፍርዎ በመጫን የመሃል መስመሩን ያውጡ፤ ይህ መስመር ቀለም አያስፈልገውም፣ የጥፍር ምልክቱ ብቻውን ይበቃል። ወረቀቱን ፀሐይ በሚያገኘው የመስኮት መስታወት ላይ በፕላስተር ይለጥፉ፣ የወረቀቱን መሃል ከጨርቁ መሃል ጋር ያጋጥሙ፣ ከዚያም ጨርቁን በላዩ ላይ ይለጥፉ። መስኮት ላይ ቆሞ ማስመር ክንድ ስለሚያደክም፣ መስታወት በሁለት ወንበሮች ላይ አጋድሞ ከሥሩ የስልክ መብራት ማብራት ይቻላል፤ እኔ የምሠራው እንዲህ ነው።

ሲያሰምሩ ማርከሩን አይጎትቱት። በሸማ ላይ የተጎተተ ጫፍ ድሩን ይዞ ይሄዳል፣ ቀጥ ያለው የመስቀሉ ክንድም ይጎብጣል። ከመጎተት ይልቅ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር እየተራራቁ ነጥብ ነጥብ ያድርጉ፤ ማዕዘኖቹን ብቻ በአጫጭር መስመር ያገናኙ። ለመጥለፍ ነጥቡ በቂ ነው፣ ለማስወጣትም ቀለሙ ያነሰ በሆነ መጠን ይቀላል። ጨርቁ ከታች የሚንሸራተት ከሆነና ብርሃን የማያስፈልግዎ ከሆነ፣ ሻካራው ፊቱ ወደ ላይ የሆነ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ከሥሩ ያድርጉ፤ ጨርቁን ቆንጥጦ ይይዘዋል። መስመሩን ምንጊዜም ጥልፉ ከሚሸፍነው ክልል በጥቂቱ ወደ ውስጥ ያስገቡት፤ ማርከሩ ምንም ያህል የሚጠፋ ቢሆን መጀመሪያውኑ የማይታይ መስመርን የሚያህል የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ከተሳሳቱ በላዩ ላይ ደግመው አያስምሩ። የተሳሳተውን በእርጥብ ጥጥ ከማሸትም ይልቅ እንዳለ ትተው ትክክለኛውን ከጎኑ በነጥብ ያመልክቱ፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ እንዳይጠፋዎ በተሳሳተው ላይ ትንሽ የስፌት ክር ምልክት ያድርጉበት።

ጥልፉ እስኪያልቅ ድረስ

በአየር በሚጠፋው ማርከር እየሠሩ ከሆነ በዚያ ቀን የሚጠልፉትን ያህል ብቻ ያስምሩ። በውሃ በሚወጣው ከሆነ ንድፉን በአንድ ጊዜ መጨረስ ይቻላል፣ ሆኖም ሥራውን ባቆሙ ቁጥር ጨርቁን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ጨለማና ቀዝቃዛ ስፍራ ያኑሩት። መስኮት ዳር፣ የመኪና መቀመጫ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ የተተወ ሥራ ሳይተኮስም እንደተተኮሰ ይቆጠራል። ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘውን ክብ እንጨትም ማታ ማታ ያውልቁት። ላብ ያለበት እጅ ነጥቦቹን ያደበዝዛል፤ ስለዚህ ከመሥራትዎ በፊት እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ።

ብዙ ጊዜ አደጋ የሚደርሰው ቀሚሱን ከሚሰፋው ሌላ ሰው ጋር ነው። ጠላፊዋ ደረቱን ጨርሳ ለልብስ ሰፊው ስትሰጠው፣ እርሱ ደግሞ ልማዱ ሆኖ እያንዳንዱን ስፌት በካውያ እየተኮሰ ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት መስመሩን ሳያስወጡ ሥራውን ለሌላ ሰው አያስተላልፉ፤ ማስተላለፍ ግድ ከሆነም «ሳይታጠብ አይተኮስ» ብለው በወረቀት ጽፈው በመርፌ ቁልፍ ደረቱ ላይ ያያይዙበት። በቃል መንገር በቂ ሆኖ አላየሁም።

መስመሩን ማስወጣት

የተለመደው ስሕተት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ወይም ውሃ መርጨት ነው። መስመሩ ወዲያው ይጠፋል፣ ሰውየውም ደስ ይለዋል፤ ጨርቁ ሲደርቅ ግን መስመሩ ፈዘዝ ብሎ ወይም ዳርቻው እንደ ጭጋግ ሆኖ ይመለሳል። ይህ የሚሆነው ጥቂቱ ውሃ ቀለሙን አሟሙቶ ወደ ጨርቁ ውስጥና ከሥሩ ወዳለው ገበር ስለሚያስገባው ነው። ላይኛው ገጽ ቀድሞ ሲደርቅ ከውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ላይ ይሳባል፣ የተሟሟውንም ቀለም ይዞት ይወጣል።

ስለዚህ ሰፊ ሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው ቀሚሱን ሙሉ በሙሉ ይዘፍዝፉት። ሳሙና፣ በረኪና ወይም ሙቅ ውሃ አይጨምሩ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ካቆዩት በኋላ ውሃውን ደፍተው በአዲስ ይተኩ፤ ይህንኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይድገሙ። አይሹት፣ አይጠምዝዙት። አውጥተው በነጭ ፎጣ ላይ ዘርግተው፣ ከፎጣው ጋር ጠቅልለው በመዳፍዎ በመጫን ውሃውን ያስመጥጡ፣ ከዚያም ጥላ ውስጥ አጋድመው ያድርቁት። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በቀን ብርሃን ይመልከቱት፤ የአምፖል ብርሃን ፈዛዛ ሰማያዊን ይደብቃል። ትንሽም ቀሪ ካለ መዘፍዘፉን ይድገሙት። ምንም ከሌለ አሁን በሳሙና ይጠቡት፣ በደንብ ያለቅልቁት፣ ካደረቁት በኋላም በፎጣ ላይ ገልብጠው ከጀርባው ይተኩሱት፤ ጥልፉ ሳይደፈጠጥ ጎልቶ ይቀራል። በአየር የሚጠፋውም ቢሆን በዚሁ መንገድ ይለቀለቅ፤ ከዓይን መጥፋቱ ከመታጠብ አያድነውም።

ባለ ሦስት ድርብ ሥራ

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ሰፊ ልማድ የሆነው ኩዊልት፣ ማለትም የጨርቅ ቁርጥራጮችን ገጣጥሞ በመሃል ጥጥ አድርጎ ከታች ሌላ ጨርቅ በመደረብ ሦስቱን አንድ ላይ በስፌት ማያያዝ፣ ስፌቱ ዳር እስከ ዳር በንድፍ ስለሚሄድ ብዙ መስመር ይፈልጋል። በነዚያ አገሮች የሚኖሩና ከሐበሻ ቀሚስ ትርፍራፊ ጥለት የአልጋ ልብስ ወይም የሕፃን መጠቅለያ መሥራት የሚሹ እናቶች የመሃሉን ጥጥ ሊያስቡበት ይገባል። ከላይ የተገለጸው የመመለስ ጠባይ በዚህ ሥራ እጥፍ ይሆናል፤ የመሃሉ ጥጥ የተሟሟውን ቀለም እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይለቀዋልና። ውሃው ሦስት አራት ጊዜ እስኪቀየር መዘፍዘፍ ግድ ነው። ሳፋ የማይችለው ከሆነ በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይሠራል።

ጥቁርና ደማቅ ጨርቅ

በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሰማያዊውም ወይን ጠጁም አይታዩም፣ የሙቀት ማርከርም ከጠፋ በኋላ በጥቁር ጨርቅ ላይ ነጣ ያለ ጥላ ሊተው ይችላል። ልብስ ሰፊዎቻችን ሲጠቀሙበት የኖሩት ጠመኔና የደረቀ ስስ የሳሙና ስባሪ እስካሁን የተሻለ ነው። ሰም ያለበት ጠመኔ ካውያ ሲነካው ቅባት ሆኖ ስለሚቀር የዱቄት ጠመኔውን ይምረጡ። ለጥቁር ጨርቅ የተሠራ ነጭ ማርከርም አለ፤ ሲያሰምሩበት እንደ ውሃ ሆኖ ምንም አይታይም፣ ነጩ የሚወጣው ትንሽ ቆይቶ ሲደርቅ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው አልጻፈልኝም ብሎ እየደጋገመ ያሰምርና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደ ገመድ የወፈረ መስመር ያገኛል።

ከተበላሸ በኋላ

ሰማያዊው ከደረቀ በኋላ ከተመለሰና ካውያ ካልነካው ጉዳዩ ቀላል ነው፤ ውሃው አንሶታል ማለት ስለሆነ ረዘም ላለ ጊዜ ይዘፍዝፉት። በሙቀት የሚጠፋው ከተመለሰ በካውያ ያጥፉት፣ ከዚያ በኋላ ግን የቀለሙን መጠን ለመቀነስ በሳሙና ደጋግመው ይጠቡት። ሰማያዊው ተተኩሶ ቡናማ ከሆነ ተስፋው የመነመነ ነው። በረኪና ማፍሰስ እድፉን ላያስለቅቅ ይችላል፣ የጥለቱን ቀለም ግን በእርግጥ ይበላዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የማደርገው፣ ከመስቀሉ ዙሪያ ወጣ ብሎ የቀረውን ቡናማ ነጥብ ተከትዬ በዋናው ጥልፍ ቀለም አንድ ተጨማሪ ቀጭን ረድፍ፣ እንደ ሰንሰለት የሚያያዘውን ጥልፍ፣ ዙሪያውን ማዞር ነው። ረድፉ በአንዱ ጎን ብቻ እንዳይሆን በሌላውም ጎን በእኩል ርቀት ይደገማል፤ አለበለዚያ መስቀሉ ያዘነበለ ይመስላል።